አቢ ያስተማሩን ወጥ



በአገራችን በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ስለ ሥጋ ብዙ አይጨነቅም። ሥጋ ቤቱ ይታወቃል፤ አራጁ ይታወቃል፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ሲኖር ለሙስሊሙ የሚሆነው ለብቻው ታርዶ ለብቻው ይሠራል። ልጅ የቀረበለትን «ቢስሚላህ» ብሎ ከመብላት በቀር ከየት እንደመጣ መመርመር አይጠበቅበትም። እናትና አባቱ አስቀድመው ጠይቀው ጨርሰውለታል። ይህ ትልቅ ጸጋ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከአገር ሲወጡ ነው።

እኛ ይህን ያወቅነው በ1978 ዓ.ም. መስከረም ወር ነበር። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ይላኩ ስለነበር እኛም ተራው ደርሶን ሞስኮ ገባን። አራት ነበርን፤ ሁለታችን ከደሴ፣ አንዳችን ከጅማ፣ አንዳችን ከአዲስ አበባ። የተዋወቅነው አውሮፕላን ውስጥ ሲሆን በተማሪዎች መኖሪያ አንድ ክፍል ተሰጠን። የመጀመሪያው ዓመት የሩሲያ ቋንቋ መማሪያ ነበር። መምህራችን ሰላምታና ቁጥር ሲያስጠኑን እኛ ግን ከሁሉ አስቀድመን የያዝናቸው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ «ጋቭያዲና» የበሬ ሥጋ፣ «ስቪኒና» የአሳማ ሥጋ።

ቃላቱን ማወቁ ብቻ አልበቃም። ኮትሌት የሚባለው የተፈጨ ሥጋ ብዙ ጊዜ የሁለቱ ድብልቅ ነው። የአትክልት ሾርባ ነው ተብሎ የሚቀርበውም አንዳንዴ ሽንኩርቱ በአሳማ ስብ የተቁላላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳህናችንን ይዘን በተሰለፍን ቁጥር «ቤዝ ስቪኒኒ?» እንላለን፤ ያለ አሳማ ነው ወይ ማለታችን ነው። ምግብ የምታድለው ሴትዮ ደግ ሰው ነበረች። «አይዞህ ልጄ፣ ትንሽ ብቻ ናት ያለችበት!» ትለን ነበር። በእርሷ ቤት ማጽናናቷ ነው።

ጥያቄ ደግሞ ያደክማል። ከእኛ ጋር ከመጡት ወንድሞች አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን ወር ጠየቁ፤ በሁለተኛው ወር ከበስተኋላቸው ያለውን ሰልፍ አፍረው ዝም አሉ፤ በሦስተኛው ወር የጠየቀውን ሰው «አሁንም አልለመድክም?» ማለት ጀመሩ። እኛ ከእነርሱ የተሻልን ነን ብለን ለመኩራት አይደለም ይህን የምናነሳው። ልዩነቱ ከኢማን ጥንካሬ ብቻ የመጣ አይመስለንም። የጅማው ጓደኛችን እናቱ በልጅነቱ ለረጅም ጊዜ ታመው ስለነበር ሽንኩርት መክተፍና ድስት መጣድ ያውቅ ነበር። ከአላህ ቀጥሎ እኛን የጠበቀን የእርሱ እጅ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በየፎቁ የጋራ ማድቤት ስለነበር እንቁላል፣ ድንችና ጥቁር ዳቦ እያልን ከረምን። ሐሙስ ሲሆን ደግሞ በመንግሥት ምግብ ቤቶች ሁሉ የዓሣ ቀን ነበርና፣ ሐሙስን እንደ በዓል እንናፍቃት ነበር።

በዚያን ጊዜ በሞስኮ ለሶላት ክፍት የነበረው መስጂድ አንድ ብቻ ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ፕሮስፔክት ሚራ ከተባለው የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረው ነው። (አሮጌው ሕንጻ ፈርሶ በቦታው እጅግ ሰፊ የሆነው አዲስ መስጂድ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመርቋል።) ወደዚያ ለጁሙዓ የሚመጡት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ታታሮች ነበሩ። ታታሮች መሠረታቸው የቮልጋ ወንዝ አካባቢ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው የሆኑት የቮልጋ ቡልጋሮች እስልምናን የተቀበሉት በ922 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከባግዳድ ከተላኩት መልእክተኞች አንዱ የነበረው ኢብኑ ፈድላን ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ዋና ከተማቸው ካዛን በሩሲያው ንጉሥ በኢቫን አራተኛ ጦር የተያዘችው በ1552 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ሞስኮ እስክንገባ ድረስ ይህን አናውቅም ነበር። ሩሲያ ማለት የሌኒን አገር ብቻ ይመስለን ነበር።

በጥር ወር አንድ ጁሙዓ ከሶላት ስንወጣ፣ ባለቤታቸውን ደግፈው ሊወስዱ በበረዶው ላይ ቆመው የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት አየንና ሽማግሌውን አብረን ደገፍንላቸው። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስንሄድ «ባላም፣ ምን ትበላላችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። «ባላም» በታታርኛ «ልጄ» ማለት ነው። «ዳቦና እንቁላል» አልናቸው። ሳቁና በጣታቸው እየቆጠሩ እሑድ ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መስመር እንደምንመጣ አስረዱን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸውን ጠርተን አናውቅም፤ በእነርሱ ቋንቋ አያት «አቢ» ስለሚባል እኛም «አቢ» አልናቸው።

የአቢ ማድቤት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ በጨው ውኃ የተሞሉ የብርጭቆ ማሰሮዎች ተደርድረዋል፤ በምድጃው ላይ ከባድ የብረት ድስት ተጥዷል። ሥጋው ከከተማ ውጭ የሚኖሩ የባለቤታቸው ወንድም ያረዱት ነበር። አቢ ክዳኑን ሲከፍቱ የወጣው ሽታ አገራችንን አያስታውስም፤ በርበሬ የለበትም፣ ኮረሪማ የለበትም። ነገር ግን አራት ወር ሙሉ ሥጋ ላልቀመሰ ሰው የሥጋ ወጥ የሥጋ ወጥ ነው። «አዙ» ይባላል አሉን። የታታሮች ወጥ ነው፤ ሆኖም ሩሲያውያን ወደውት የራሳቸው አድርገውት በየምግብ ቤቱ ስለሚሠሩት፣ ዛሬ ብዙ ሰው የሩሲያ ምግብ ብሎ ነው የሚያውቀው።

አቢ የተወለዱት በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። የአባታቸው መጻሕፍት በዐረብኛ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። እርሳቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ታታርኛ ወደ ላቲን ፊደል ተለውጧል፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ በ1939 ወደ ሩሲያ ፊደል ተዛወረ። ስለዚህ የአባታቸውን መጽሐፍ ማንበብ አልቻሉም። ከእናታቸው አፍ ይዘው ያስቀሯቸው ፋቲሓንና ጥቂት አጫጭር ሱራዎችን ነው። የቀረውን ያቆዩት በማድቤት ነበር። አሳማ ወደ ቤታቸው አልገባም፤ ቢላዋው ሳይሳል፣ የአላህ ስም ሳይጠራ የታረደ አልገባም፤ ዱቄት ሲነኩ ቢስሚላህ ይላሉ፤ በልተን ስንጨርስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። «ራሕመት» ስንላቸው ደስ ይላቸዋል፤ በታታርኛ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው፣ ከየት እንደመጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ቁርአን የሚያስተምር በሌለበት፣ መስጂድ በተዘጋበት አገር አንዲት ሴት እስልምናዋን በድስት ውስጥ ሸሽጋ ለልጆቿ ታሻግራለች ብለን አስበን አናውቅም ነበር።

ያን ዓመት ረመዳን የገባው በግንቦት መጀመሪያ ነበር። የሞስኮን የግንቦት ቀን ያላየ ሰው አይገባውም፤ በዚያን ጊዜ በወሩ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ሌሊቱም ዐይን ሳይጨፈን ይነጋል። ጾሙ ከዐሥራ ስምንት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ፈተናም በዚያው ሰሞን ነው። የዩኒቨርስቲው ምግብ ቤት ከመግሪብ ብዙ አስቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ ከዐስር ሶላት በኋላ አንዳችን ድስቱን እንጥድና ሥጋው ግማሽ በግማሽ ሲበስል አውርደን በጋዜጣ እንጠቀልለዋለን፤ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደርበን አልጋ ውስጥ እናስተኛዋለን። ይህን ያስተማሩን አቢ ናቸው። የድሮ የሩሲያ ቤቶች በጡብ የተሠራ ትልቅ ምድጃ ነበራቸው፤ ዳቦው ከወጣ በኋላ የሸክላ ድስቱ እየቀዘቀዘ በሚሄደው ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጥና ሥጋው በራሱ ጊዜ ይበስላል። ብርድ ልብሱ የዚያ ምድጃ ምትክ ነው። አዛን በሌለበት ከተማ ሰዓት ቆጥረን፣ በውኃና በዳቦ አፍጥረን መግሪብን ሰግደን ብርድ ልብሱን ስንገልጠው እንፋሎቱ ፊታችንን ይመታዋል። ሽታው የጠራቸው ወንድሞችም መጡ። አንዳንዶቹ ከጥቅምት ወዲህ ከእኛ ጋር ሶላት ቆመው የማያውቁ ነበሩ። ማንም ምንም አላላቸውም፤ ማንኪያ ሰጠናቸው። በዚያ ረመዳን ሦስቱ መጾም ጀመሩ።

ከአራታችን ሦስታችን ዛሬ አዲስ አበባ ነን፤ ልጅ ወልደን የልጅ ልጅ ያየንም አለን። አዙ በሦስታችንም ቤት ይሠራል፤ በሦስታችንም ቤት ግን አይመሳሰልም። ባለቤቶቻችን እያሻሻሉ አንዷ ካሮት ጨመረችበት፣ አንዷ ድንቹን ለብቻ ጠብሳ መቀላቀል መረጠች። በጅማው ቤት በእንጀራ ይበላል፤ አቢ ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ልጆቹ ደግሞ ሚጥሚጣ ይነሰንሱበታል፤ አንከለክልም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ይበቃል። ጭቅናና ሽንጥ ለዚህ ምግብ ብክነት ነው። ከወርች የተወሰደ፣ ጅማት ያለበት ሥጋ ይሻላል፤ ጅማቱ በቀስታ ሲበስል ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። ሥጋውን ከጭረቱ በተቃራኒ እንደ ትንሽ ጣት አድርጎ መቁረጥና በጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዘይቱ በደንብ ሲግል በሦስት ወይም በአራት ዙር እያደረጉ መጥበስ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከጨመሩት ውኃ ያወጣና መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። ቡናማ ሲሆን ይወጣና በዚያው ዘይት ሦስት ራስ ሽንኩርት ይገባል። እዚህ ላይ የእኛ ሴቶች ይቸገራሉ። እኛ ሽንኩርቱን በብዛት ያለ ዘይት አቁላልተን የወጡ አካል እናደርገዋለን፤ በአዙ ግን ሽንኩርት እንግዳ ነው፣ ወርቃማ ሲሆን ይበቃዋል። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ገብቶ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ይታሻል፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሥጋው ይመለሳል፤ አንድ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ፣ ዐሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬና በየሱቁ ታሽጎ የሚሸጠው ደረቅ የሎረል ቅጠል ሁለት ይጨመራል። ጨው አሁን አይገባም፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንነግራችኋለን። በመረቅ ፈንታ ኪዩብ የምትጠቀሙ ከሆነ ከምን እንደተሠራ ሳታነቡ አትጨምሩ።

የሩሲያ የምግብ መጻሕፍት ከዚህ በኋላ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል ይላሉ። በሞስኮ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሞስኮ ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ እሳት ቢጨምሩበትም ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የአዲስ አበባ እናቶች ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል። በከሰል ላይ በሸክላ ድስት ከተሠራ ደግሞ ጣዕሙ ሌላ ነው፤ ለዚህ ሞስኮም ሆነ አቢ አይደርሱብንም።

ሥጋው ሲለሰልስ አንድ ኪሎ ድንች ተቆርጦ ይገባል። ድንቹ ሙሉ በሙሉ ሳይበስል ኪያሩን መጨመር አይገባም። ኪያሩ ጎምዛዛ ነው፤ ጎምዛዛ ነገር የነካው ጥሬ ድንች ቢውል ቢያድር አይለሰልስም። ለአንድ ኪሎ ሥጋ አራት መካከለኛ በጨው የተዘፈዘፉ ኪያሮች በቀጫጭኑ ተቆርጠው በመጨረሻው ዐሥር ደቂቃ ይገባሉ። ጨው የሚቀመሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ኪያሩ የራሱን ይዞ መጥቷልና። ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ተጨምሮበት ይወርድና ተከድኖ ሩብ ሰዓት ያርፋል።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው የሙያ ገጽ ለመሙላት አይደለም። ባለፈው ክረምት ከልጆቻችን አንዱ ካዛን ሄዶ ሕክምና እንዲማር ዕድል አገኘ። ዛሬ በካዛን ብዙ መስጂድ አለ፤ ሐላል የሚል ጽሑፍ ያለበት ሥጋም በሱቅ ይገኛል፤ እንደ እኛ ጊዜ አይቸገርም። ሆኖም ልጁ ሃያ ዓመት እስኪሞላው ሻይ አፍልቶ አያውቅም። ማድቤት አስገብተን ሽንኩርት ስናስከትፈው አያቱ ተቆጡ፤ «ወንድ ልጅ ማድቤት ምን ይሠራል?» አሉ። አክብረን መለስንላቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ተናግረዋል፤ ቡኻሪም ዘግበውታል። አያት ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ግን ልጁ ሲከትፍ ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

እኛ በዚህ ጉዳይ አቋም አለን። ልጆቻችን ወደ ቱርክም፣ ወደ ቻይናም፣ ወደ ዐረብ አገርም እየሄዱ ነው። ስንሸኛቸው ሶላታችሁን ጠብቁ፣ ሐራም አትብሉ እንላለን። ሐራም አትብላ ብለን የላክነው ወጣት ድንች መቀቀል ካልቻለ በቀን ሦስት ጊዜ ሌላ ሰው ባበሰለው ላይ ይወድቃል፤ ያ ሰው ደግሞ እንደ ምግብ አዳይዋ «ትንሽ ብቻ ናት» ሊለው ይችላል። ሴት ልጆች ይህን ከእናታቸው ይማራሉ፤ ባዶ እጁን የሚሄደው ወንዱ ነው። አንዳንድ አባቶች ይህን ስንናገር ይስቃሉ። የሚስቁት አንድ ክረምት በተማሪዎች መኖሪያ ስላላሳለፉ ነው።

ልጁ ዐሥራ አምስት ቀን ተማረ። በመጨረሻው ሳምንት ሦስቱም ቤተሰብ ተሰብስበን የሠራውን በላን። ድንቹን በጣም ትልልቅ አድርጎ ነበር የቆረጠው፤ ሥጋው ግን በማንኪያ ይቆረጥ ነበር። አያቱ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ምንም አላሉም።

ኪያሩን በሚመለከት፣ በሱቅ የሚሸጠው በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ስለሆነ ወጡን ያበላሸዋል፤ ቤት ማዘጋጀት ይሻላል። ትንንሽና ጠጣር ኪያር ገዝቶ ማጠብ፤ ለአንድ ሊትር ፈልቶ ለቀዘቀዘ ውኃ 50 ግራም ጨው፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ ማሟሟት፤ በማሰሮው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ የእንስላል ዘንግ፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ካለ አንድ ሁለት የወይን ቅጠል መጨመር። ቅጠሉ ኪያሩ ጠጣርነቱን እንዳያጣ ይረዳል። ኪያሩ ከውኃው በላይ እንዳይንሳፈፍ በንጹሕ ድንጋይ ወይም በሳህን ተጭኖ፣ ጠበቅ ሳይደረግ ተከድኖ ጨለማ ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቀመጣል። ውኃው ይደፈርሳል፣ አረፋም ያወጣል፤ አትደንግጡ። «ይህ የቦካ ነገር አያሰክርም ወይ?» ብለው የጠየቁን እህቶች አሉ። በዚህ ጨው ውስጥ የሚሠራው እርጎን የሚያኮመጥጠው ዓይነት ረቂቅ ሕዋስ ነው፤ የሚወጣው ጎምዛዛ አሲድ እንጂ መጠጥ አይደለም። የእንጀራ ሊጣችንም የሚቦካው በዚህ ዓይነት ሕዋስ ጭምር ነው። ሮዝ ቀለም ካወጣ ወይም የበሰበሰ ሽታ ከሸተተ ግን መጣል አለበት።

ኪያሩ ሲያልቅ ውኃውን አትድፉት። አቢ ከእርሱ «ራሶልኒክ» የተባለውን ሾርባ ይሠሩበታል፦ አንድ እፍኝ የተፈተገ ገብስ፣ የተረፈ የሥጋ መረቅ፣ ሁለት ድንች፣ አንድ ካሮት፣ ሁለት የተከተፈ ኪያር፣ በመጨረሻም አንድ ብርጭቆ ከዚያው ከጨው ውኃ። ለረመዳን ሾርባ እጅግ ይስማማል። ገብሱን ከማታው መዘፍዘፍ ይበጃል፤ አለበለዚያ በእኛ ከፍታ ቶሎ አይበስልም።